ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት

የአክስቴ ልጅ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በነበረችበት ዓመት፣ በግንቦት ሙቀት፣ ድሬዳዋ ከዚራ ባለው ቤታቸው ከእሷና ከአክስቴ ጋር አንድ ፊልም ተመለከትን። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2017 በኔትፍሊክስ የወጣው «ቱ ዘ ቦን» ነበር፤ ራሷን ከምግብ በመከልከል ሕመም አጥንቷ እስኪቆጠር የከሳች የ20 ዓመት ወጣትን ታሪክ ይተርካል። በፍላሽ ጭኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛውን ለማትከታተለው ለአክስቴ አስፈላጊ የመሰለኝን ንግግር እየተረጎምኩላት፣ ልጇ ደግሞ ከኋላችን ፍራሽ ላይ ጋደም ብላ አንድም ቃል ሳትተነፍስ፣ እስከ መጨረሻው አየነው።

ወደ ፊልሙ ማብቂያ ላይ እናቲቱ የታመመች ልጇን እንደ ሕፃን አቅፋ በጡጦ የምታጠጣበት ትዕይንት አለ። አክስቴ እዚያ ላይ በነጠላዋ ጫፍ ዕንባዋን ጠርጋ፣ «አይ እናት! እንዲህ ያለ በሽታ ግን እኛ አገር የለም፤ ተመስገን» አለች። ፊልሙ አልቆ እራት ሲቀርብ ለልጇ የመጀመሪያውን ጉርሻ ያጎረሰቻት በዚያው በራራ ልቧ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ልጅቷም ጎረሰች፤ «በሞቴ» ስትባል ሁለተኛውንም ጎረሰች፤ ከዚያ እጇን ልትታጠብ ወጣች። በዚያ ምሽት ያቺ ልጅ የበላችውን በድብቅ ማስመለስ ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ እንደ ነበር እኔም ሆንኩ እናቷ አናውቅም።

ነገሩ ከታወቀ በኋላ፣ ያን ፊልም ስናይ ምን ታስብ እንደ ነበር ጠየቅኋት። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ መልሷ ነው፤ ስሟን እስካልጠራሁ ድረስ እንድጽፈውም ፈቅዳልኛለች። «ልጅቷን ሳያት ጤነኛ መሆኔን አረጋገጥኩ፤ እኔ እኮ አልከሳሁም» አለችኝ።

ስለዚህ መልስ ብዙ አስቤያለሁ። ፊልም የሚሠራው በሚታይ ነገር ነው፤ ሐሳብን፣ ኀፍረትንና ምስጢርን ለማሳየት የግድ ሰውነትን፣ ፊትንና ድርጊትን መዋስ አለበት። ስለ አመጋገብ መዛባት የሚሠራ ፊልም የጀርባ አጥንትንና የጎድን አጥንትን የሚያሳየን ካሜራው ሌላ የሚይዘው ነገር ስለሚያጣ ነው። እኛ ተመልካቾች ግን ያየነውን የሕመሙ መልክ አድርገን ወደ ቤታችን ይዘነው እንሄዳለን፤ ከዚያም በገዛ ቤታችን ውስጥ የምንፈልገው ያንኑ መልክ ይሆናል። ያን መልክ ካላገኘን «የለም፤ ተመስገን» እንላለን።

እውነታው ግን የአመጋገብ መዛባት ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከመጠን በላይ የከሱ አይደሉም። ሰውን እስከ አጥንቱ የሚያከሳው አኖሬክሲያ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ስለሆነ፣ ፊልም ቢያተኩርበት አይፈረድበትም። ነገር ግን ከመጠን በላይ በልቶ ማስመለስ የሚደጋገምበት ቡሊሚያ ሰውየውን በመደበኛ ኪሎው ላይ እንዳለ ለዓመታት ሊያኖረው ይችላል፤ ማስመለሱ ከሰውነት ውስጥ ፖታሲየምን እያሳጣ የልብን ምት ሊያዛባ፣ አንዳንዴም በድንገት ሊያቆም እንደሚችል ከውጭ የሚያሳይ ምልክት የለም። አኖሬክሲያ ስሙን ያገኘው ዊሊያም ገል ከተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ቡሊሚያን ግን ጄራልድ ራስል ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ የገለጸው በ1979 ነበር። በመካከሉ ከመቶ ዓመት በላይ አለ። ሐኪሞቹም እንደ ካሜራው የሚታየውን አስቀድመው እንዳዩ ይሰማኛል።

እንግዲህ ይህ ሕመም ድሬዳዋ ላይ ምን እንደሚመስል ያየሁትን ልንገራችሁ። በመጀመሪያ የሚመስለው ጾም ነው። በኦርቶዶክስ ቤት ውስጥ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ በ55 ቀኑ ሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ የሚውል ልጅ ደግሞ የወላጅ ኩራት ነው። አክስቴ ልጇ ከእሷ የበለጠ ጾመኛ መሆኗን ለጎረቤት ስትናገር ሰምቻታለሁ፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በረመዳን ወር ከሴቶች ልጆቻቸው ጋር አብራ የምትጾመውን ይህችን ልጅ «ማሻአላህ» እያሉ ያመሰግኗት ነበር። ጾም ሕመም ነው ማለቴ አይደለም፤ እኔም እጾማለሁ። ነገር ግን ልጅቷ የምትጾመው ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለሚዛን እንደ ነበር ማንም አላወቀም፤ ከጾሙ በላይ የሚጋርዳት ነገርም ልታገኝ አትችልም ነበር።

ሚዛን ስል በፊልም እንደምናየው መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚቀመጠውን አይደለም። በከተማችን ሚዛን መንገድ ላይ ነው፤ አንድ ልጅ አስፋልት ዳር አስቀምጦት በጥቂት ብር ይመዝናል። ከከዚራ ተነስታ የደቻቱን ድልድይ ተሻግራ መጋላ እስክትደርስ ባገኘችው ሚዛን ሁሉ ላይ ትወጣ እንደ ነበር በኋላ ነገረችኝ። የመጀመሪያውን ልጅ ቁጥር ስለማታምነው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውንም ስለማታምነው ሦስተኛውን ትሞክራለች። በሺህ የሚቆጠር ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ይህን ሁሉ ስታደርግ ማንም ልብ አላለም።

ሌላው ጫት ነው። ጫት የምግብ ፍላጎትን እንደሚዘጋ በዚህ አካባቢ ያልተረዳ ሰው የለም፤ ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ ጠባዩ አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚቀራረብ ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው እራቱን ባይበላ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። የአክስቴ ልጅ ጫት አትቅምም፤ ሆኖም አለመብላት እንዲህ በቀላሉ ምክንያት በሚያገኝበት ከተማ ውስጥ ስንት ሰው እንደተሸሸገ ማሰቤ አልቀረም።

ከሁሉም የከነከነኝ ግን ደብተሯ ነው። ባለ መቶ ቅጠል ደብተር ሙሉ የምግብ አሠራር በጥንቃቄ ገልብጣ ነበር፤ የፈጢራው፣ የሁልበቱ፣ የዶሮ ወጡ፣ ቀምሳቸው የማታውቃቸው የባዕድ አገር ኬኮች ሁሉ አሉበት። አክስቴ ልጄ ባለሙያ ልትሆን ነው ብላ ደስ ብሏት ነበር። ይህን ነገር የተረዳሁት እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ስለተደረገው የረሃብ ጥናት ሳነብ ነው። አንሴል ኪስ የተባለው ተመራማሪ በፈቃዳቸው የቀረቡ 36 ጤነኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንት ምግባቸውን በግማሽ ያህል ቀንሶ አቆያቸው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ስለ ምግብ ብቻ የሚያስቡ ሆኑ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍትን እየሰበሰቡ ያነቡ ጀመር፤ ድብርትና ቁጡነት ያዛቸው። እነዚህ ሰዎች ወደ ጥናቱ የገቡት ምንም ዓይነት የአእምሮ ችግር ሳይኖርባቸው ነው። ረሃብ ራሱ አእምሮን እንደዚህ ይለውጣል ማለት ነው። በፊልም ውስጥ የታመመችው ልጅ ምግብን እንደምትጠላ ሆና ትቀርባለች፤ እኔ የማውቃት ልጅ ግን ከምግብ በስተቀር የምታስበው ነገር አልነበራትም፤ ሌሊት እንኳ በሕልሟ የምታየው እንጀራ ነበር።

አንድ የግል ክሊኒክ «ጨጓራ ነው» ብሎ መድኃኒት ሰጥቷት ነበር፤ ምግብ ምን ያህል እንደምትበላም ሆነ በኋላ ምን እንደምታደርግ የጠየቃት አልነበረም። ነገሩን ያወቀው የጥርስ ሐኪም ነው። ደጋግሞ የሚያስመልስ ሰው የጨጓራው አሲድ የላይኛ የፊት ጥርሶቹን ከውስጥ በኩል ስለሚበላቸው፣ ሐኪሙ በትንሿ መስታወት አይቶ እናቷን ደጅ አስቀመጠና ልጅቷን ብቻዋን ጥያቄ ጠየቃት። ከፊት ለፊት ሲታዩ ያማሩ ጥርሶች ናቸው። በፎቶግራፍ ምንም አይታወቅባቸውም።

ወደ ፊልሙ ልመለስና፣ ስለ ሠሪዎቹ ፍትሐዊ መሆን እፈልጋለሁ። ዳይሬክተሯ ማርቲ ኖክሰንም ሆነች ዋና ተዋናይቷ ሊሊ ኮሊንስ በዚህ ሕመም ውስጥ ያለፉ ሴቶች ናቸው፤ ፊልሙን የሠሩት ሌሎችን ለመርዳት እንደሆነ አምናለሁ። ነገር ግን ተዋናይቷ ለገጸ ባሕርይዋ ስትል እንደገና ኪሎ ቀነሰች፤ የዚያ ሰውነት ምስልም ለብዙ ደቂቃ በስክሪን ላይ ይቆያል። የአክስቴ ልጅ እኛ ከተኛን በኋላ ፍላሹን መልሳ ሰክታ የተወሰኑ ቦታዎችን ደጋግማ እንዳየች ነገረችኝ፤ እኛ ያለቀስንባቸው ትዕይንቶች እሷ የተማረችባቸው ነበሩ። ምን እንደተማረች አልጽፍም፤ ይህን የሚያነብ ሌላ ልጅ ሊኖር ይችላልና። በዚሁ ምክንያት ተዋናዮች ለአንድ ፊልም ስንት ኪሎ እንደቀነሱ በአድናቆት የሚጽፉ ጋዜጠኞች ቁጥሩን ቢተዉት እመኛለሁ። ናታሊ ፖርትማን እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው «ብላክ ስዋን» ውስጥ ለሠራችው ኦስካር ስትሸለም ከትወናዋ እኩል የተወራው ስለ ኪሎዋ ነበር። ጤነኛ ሰው ይህን ሲሰማ ስለ ሙያ ትጋት ያስባል፤ የታመመ ሰው ግን የሚሰማው ቁጥሩን ነው፤ ቁጥሩንም ከራሱ ጋር ያወዳድራል።

ምስል ይህን ያህል ኃይል አለው ወይ ብሎ ለሚጠራጠር ሰው በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችውን የደሴት አገር የፊጂን ነገር ልጥቀስ። እዚያ ናድሮጋ በተባለ አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ፊጂ ደግሞ እንደ እኛው ወፈር ማለት የሚመሰገንባት፣ መክሳት የሚያሳስብባት አገር ነበረች። አን ቤከር የተባለችው ተመራማሪ በዚያ ዓመት ካነጋገረቻቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶች መካከል ኪሎ ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 ካነጋገረቻቸው ግን ከመቶ 11.3 የሚሆኑት እንደሚያደርጉት ተናገሩ። ቴሌቪዥኑ ያሳያቸው ስለ ሕመም የሚናገር ፊልም ሳይሆን ተራ የባዕድ ድራማ ነበር። «ወፈርሽ» የሚለው ቃል አሁንም በሰፈራችን የምርቃት ያህል እየተነገረ፣ ልጆቻችን ግን በእጅ ስልካቸው ሌላ ምርቃት ሲፈልጉ አያለሁ።

ይህ የሚታየውን ብቻ የማመን ነገር በሌላውም የአእምሮ ሕመም ላይ አለ፤ ይህንንም የማውቀው በእናቴ ወንድም ነው። አጎቴ ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ለረጅም ዓመታት ሰፍቷል። ስኪዞፍሬኒያ የተባለው፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰማ የአእምሮ ሕመም አለበት። ሕመሙ የጀመረው በወጣትነቱ ሲሆን፣ አንዳንድ ጎረቤቶች ጅብ ጂንን ይበላል ብለው ስለሚያምኑ ማታ ማታ ጅብ ወደሚመገብበት ቦታ ይወስዱት ነበር፤ ቤተሰቡ ደግሞ ጠበል ወስዶት ለወራት በሰንሰለት ታስሮ ቆይቷል። ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይሂድ የሚል ሐሳብ ሲነሳ አያቴ አሻፈረኝ አሉ፤ የሆስፒታሉ ስም በከተማው ሁሉ ስድብ ሆኖ ስለ ኖረ ብቻ አልነበረም፤ በአንድ ፊልም ላይ ሰውን አስረው ራሱን በኤሌክትሪክ ሲያንዘፈዝፉት አይተው ስለ ነበር ነው። በኋላ እንደተረዳሁት ያ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ጃክ ኒኮልሰን የተወነበት «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» የተባለው ፊልም ነበር። ፊልሙ ሆስፒታል በሰው ላይ ሥልጣን ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ በመጠየቁ ታላቅ ሥራ ነው፤ ዛሬ ግን ያ ሕክምና ሲሰጥ ታካሚው በማደንዘዣ ተኝቶ፣ ጡንቻውም በመድኃኒት ላልቶ ነው። አያቴ ይህን የሚነግራቸው አላገኙም፤ አጎቴም ሦስት ተጨማሪ ዓመት ያለ ሕክምና ቆየ።

በልጅነቴ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት «ቴሬ ናም» የተባለው የሕንድ ፊልም ስንት ጊዜ እንደታየ አልቆጥረውም። ሳልማን ካን ፍቅረኛውን አጥቶ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ በሰንሰለት ታስሮ ሲታይ አዳራሹ በሙሉ ያለቅስ ነበር፤ እኔም አልቅሻለሁ። እዚያ ሰንሰለቱ የፍቅር ጌጥ ነው። የአጎቴ ቁርጭምጭሚት ላይ ያለውን ጠባሳ ግን ሰው እንዳያይበት በሐረር ሙቀት እንኳ ካልሲ ያደርጋል።

በእኛው በአማርኛ ፊልሞችም «እብዱ» ሁለት ሥራ ብቻ ተሰጥቶታል። ወይ ቡቱቶ ለብሶ ያስቃል፤ ወይ ሌላው ሰው የፈራውን እውነት በአደባባይ ይናገራል። ሁለተኛው የከበረ ቢመስልም ሰውየው ለደራሲው አፍ ከመሆን አያልፍም፤ ሌሊት የት እንደሚያድር፣ እህቱ ማን እንደሆነች፣ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ የሚጠይቅ ፊልም እስካሁን አላጋጠመኝም። በትርጉም ድራማዎቹ ደግሞ እብደት የክፉዋ ሴት የመጨረሻ ቅጣት ነው።

አንድ ጊዜ ከአጎቴ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» አየን። በ1994 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ጋር ስለተካፈለው የሒሳብ ሊቅ ስለ ጆን ናሽ ነው። በፊልሙ ውስጥ ናሽ የሌሉ ሰዎችን ያያል፤ አብረውት ይቀመጣሉ፣ ያወሩታል፣ ይከተሉታል። እውነተኛው ናሽ ግን በዋናነት ድምፅ ነበር የሚሰማው። አጎቴ ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀና፣ «ቢታዩኝማ ኖሮ ዓይኔን እጨፍን ነበር፤ ጆሮ በምን ይጨፈናል?» አለኝ። ከዚያ የስፌት መኪናውን የሚወደው ለምን እንደሆነ ነገረኝ፤ መርፌው ሲሮጥ የሚያወጣው ድምፅ የእነዚያን ድምፅ ይሸፍንለታል። ያ ሁሉ መኪና በአንድ ጊዜ የሚጮኽበት መንገድ፣ ሌላውን ሰው የሚያደነቁረው፣ ለእሱ ዕረፍቱ ነው።

ስለዚያው ፊልም አንድ ነገር እስከ ዛሬ ልቤን ይከፍለዋል። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ናሽ አዳዲስ መድኃኒቶችን እንደሚወስድ ይናገራል፤ እውነተኛው ናሽ ግን ከ1970 ወዲህ መድኃኒት አልወሰድኩም ብሏል። አጎቴ በየወሩ መርፌውን ሐረር በሕይወት ፋና ሆስፒታል ይወጋል፤ አንድ ጊዜ «ድኛለሁ» ብሎ ሲያቋርጥ ምን እንደተከተለ በዓይኔ ስላየሁ፣ ፊልሙ ያንን ዓረፍተ ነገር በመጨመሩ እንደ ቤተሰብ ደስ ይለኛል። እንደ ጸሐፊ ደግሞ የአንድን ሰው እውነተኛ ሕይወት ለበጎም ቢሆን መለወጥ ይከብደኛል። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም።

የአክስቴ ልጅ አሁን ሃያዎቹ ውስጥ ናት። በፊልሙ ያለው ዓይነት፣ ሕሙማን አብረው እየኖሩ የሚታከሙበት ቤት በከተማችን የለም። ያገኘነው አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነው፤ ሁላችንም «ሲስተር» እንላታለን። ሲስተር ለአክስቴ የሰጠቻት ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ልጅቷ ከበላች በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻዋን እንዳትሆን፣ እንዳትመረመርም፣ ስለ ምግብም እንዳይነሳባት፤ አብሮ መቀመጥ ብቻ። አክስቴ መጀመሪያ ላይ ይህን «ሕክምና» ለመባል የሚበቃ ነገር አላደረገችውም ነበር። ከዚያ ግን የምታውቀውን አደረገች፤ ከጠዋት ወደ ከሰዓት አዛውራ ከምሳ በኋላ ቡና ማፍላት ጀመረች።

በቅርቡ ከደንገጎ ተራራ ወርጄ ድሬዳዋ ስገባ የደረስኩት በዚያ ሰዓት ነበር። ስለ እሷ ፊልም ቢሠራ ምን እንዲታይ እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበችና «ይኼ» አለችኝ፤ የተቀመጥንበትን በእጇ አሳየችኝ። «ግን ማን ያየዋል? ምንም እኮ አይከሰትበትም።» አክስቴ አቦሉን ቀዳች። ልጅቷ የሁለት ሰው ምሳ የበላሁ ያህል ይከብደኛል ብላ ሆዷን በትራስ ሸፍና፣ ዓይኗን ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ጣል አድርጋ መለሰችው። ጎረቤት ገብታ ስለ ውኃ መጥፋት አወራች። ቶናው መጣ። የአክስቴ ልጅ የጎረቤቷን ሕፃን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ እግሯ መወራጨቱን ተወ። ጀበናው ለሦስተኛ ጊዜ እስኪፈላ ማራገቢያው ሲዞር እያዳመጥን ዝም ብለን ተቀመጥን፤ በረካው ሲቀዳ እሷም ሲኒዋን ዘረጋች።